ከ«ደህና ነኝ» በታች የተጻፈው

አንዲት ሴት ከመስኮት ኋላ ተቀምጣ ሰው ትጠይቅ ነበር። ሥራዋ መጠየቅ ነው። ሰው ይመጣል፣ ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል፣ «በዚህ ይግቡ፣ እዚያ ይቀመጡ» ትለዋለች። በዚህ ነው የምትኖረው።

ቦታው ጤና ጣቢያ ነው፤ ካርድ ክፍል። የከተማዋን ስም አልጠራም። ወደ ደቡብ የሚወርደው አስፋልት ለሁለት የሚከፍላት ትንሽ ከተማ ናት፤ አውቶቡስ ለምሳ እንኳ አይቆምባትም። የሴትዮዋን ስም ግን እጠራለሁ፤ «ለሰው ከጠቀመ ይጥሩት» ብላ ፈቅዳልኛለች። ሶስና ትባላለች። ወጣት ናት። በሥራ ቀን ካርድ ታወጣለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ወጣት ማእከል ሄዳ ኮምፒውተር ትማር ነበር፤ አጠቃቀሙን ሳይሆን ማዘዙን፤ ፕሮግራም መጻፍ የሚሉትን።

ኮምፒውተር ስል እዚያ ኋላ ያላችሁ ወጣቶች ቀና አላችሁ። ቅድም ስለ ንስሐ ስናገር አናታችሁን ብቻ ነበር የማየው። ግድ የለም። እኔ የማውቀው ኮምፒውተር የመዝሙሩን ግጥም ግድግዳ ላይ የሚያወጣውን ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው ነው የሚነካልኝ። ዛሬ የምነግራችሁን ሶስና ናት ቁጭ አድርጋ ያስረዳችኝ፤ እስኪገባኝ ድረስም አልለቀቀችኝም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ እኔ በሉ ሳልላችሁ አሜን አትበሉ። ለምን እንደሆነ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

የገበያ ቀን የጤና ጣቢያ ደጅ አይታችኋል? ገበያ የወጣ ሁሉ «በዚያው ልታይ» ብሎ ይመጣል። መስኮቱ ላይ ክንድ በክንድ ይደራረባል። ቀድሞ የሚገባው ማን ነው? የባሰበት ነው? የለም። ጮሆ የተጣላ ነው። ውስጥ ዘመድ ያለው ነው። ዝም ያለ ሰው፣ ያፈረ ሰው፣ ከሩቅ ገጠር የመጣ ሰው፣ እሱ ፀሐይ ላይ ይቀራል።

ይህ ነገር ሶስናን ያንገበግባት ነበር። እያንዳንዱን ሰው እኩል የሚጠይቅ፣ ዘመድ የማያውቅ፣ ጩኸት የማይሰማ ነገር ቢኖር ብላ ትመኝ ነበር። መጥፎ ምኞት ነው? አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ ልጅቷ የተነሣችው ከቅን ልብ ነው።

አንድ ቅዳሜ መምህሯ አዲስ ትምህርት ጀመረ። ኢዩኤል ይባላል፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። እንዲህ ብሎ አስተማራቸው። ኮምፒውተር እንደ ሰው አያመነታም። አንድ ጥያቄ ትሰጡታላችሁ፤ መልሱ አዎ ከሆነ ይህን አድርግ ትሉታላችሁ። አዎ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይወርዳል። እሱም ካልሆነ ወደሚቀጥለው። ሁሉም ካልሆነ መጨረሻ ላይ አንድ ማረፊያ ትተዉለታላችሁ፤ «ከዚህ ሁሉ ውጭ ከሆነ፣ ይህን አድርግ» የሚል። ተማሪዎቹም በፈተና ውጤት ተለማመዱበት፤ ከዚህ በላይ ካመጣ «በጣም ጥሩ» በለው፣ ካልሆነ፣ ከዚህ በላይ ካመጣ «ጥሩ» በለው፣ ካልሆነ፣ እያሉ እስከ ወደቀው ድረስ።

እኔ እንዲህ ነው የገባኝ። ረጅም ኮሪደር አስቡ። ግራና ቀኝ በር አለ። ከመጀመሪያው ጀምራችሁ እያንኳኳችሁ ትሄዳላችሁ። አንዱ ሲከፈትላችሁ ትገባላችሁ። ከገባችሁ በኋላ ከፊታችሁ የቀሩትን በሮች አታንኳኩም። ምን እንደነበረባቸውም አታውቁም። በቃ፣ ገብታችኋል።

ኢዩኤል አንድ ምክር ጨመረላቸው። ብዙ ሰው የሚያልፍበትን ጥያቄ ከላይ አድርጉት፣ ሥራው ይፈጥናል አላቸው። ምክሩ ትክክል ነው። ሰው የሚሳሳተው በውሸት ምክር ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ይህን ልብ በሉ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበረ፤ ሶስና እሱ ፊት ተቀመጠች። ከእናቶች ክፍል ልጀምር አለች። የእናቶችን ክፍል የምትመራው ሲስተር አረጋሽ ናት፤ አዋላጅ ነች፣ በዚያች ከተማ ግማሹን ልጅ የተቀበለች ሴት ነች። አረጋሽ የአደጋ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ነገረቻት። ሶስና ጻፈች። እንዲህ ይላል፣ ስሙት፤

ደህና ነኝ ካለች፣ ወደ ክትትል ወንበር ላካት።

ካልሆነ፣ ደም የሚፈስሳት ከሆነ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ካልሆነ፣ ትንፋሽ የሚያጥራት ከሆነ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ካልሆነ፣ ነፍሰ ጡር ሆና ራሷን የሚያማት፣ ዓይኗ የሚደበዝዝባት ከሆነ፣ ተራ ሳትጠብቅ ወደ ሲስተር አረጋሽ።

ካልሆነ፣ ትኩሳት ካላት፣ ወደ ምርመራ ክፍል።

ከዚህ ሁሉ ውጭ ከሆነች፣ ሲስተር አረጋሽ ትያት።

ምን ጎደለው? እኔ ምንም አልጎደለውም ነበር የምለው። አረጋሽም ምንም አልጎደለውም አለች። «ደህና ነኝ» ከላይ የሆነው አብዛኞቹ እናቶች የሚመጡት ለክትትል፣ ለክትባት ስለሆነ ነው። ደህና ናቸው። ብዙ ሰው የሚያልፍበት ጥያቄ ከላይ።

ሞከሩትም። የክትባት ነርሷ መስኮቱ ላይ ቆማ «ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ራሴን ያመኛል» አለች፤ ኮምፒውተሩ ወደ አረጋሽ ላካት። የግቢው ጥበቃ መጥቶ ጠመንጃውን እንዳነገተ «ደም ይፈስሰኛል» አለ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ላከው። ትክክል ነበር። ግን ልብ በሉ፤ እነዚህ ሁሉ በማሽን እንደሚጠየቁ አውቀው ነው የመለሱት። ሰላም እንደተባለ ሰው ሆኖ የመለሰ አንድም አልነበረም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ጠብ ቀረ። ሰልፉ ሄደ። ዘመድ ያለውም የሌለውም በተራው ገባ። አረጋሽ ልጅቷን አገላብጣ ሳመቻት።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ላቀች መጣች።

ላቀች ከገጠር ናት፣ ከኮረብታው ማዶ። ባሏ አርሶ አደር ነው። ልጅ ስትለምን ብዙ ዓመት ኖራለች። ያልወለደች ሴት በአገራችን ምን እንደምትሰማ እህቶቼ ታውቃላችሁ፤ እዚህ ውስጥም የሰማችሁ አላችሁ፤ እዚህ ውስጥም የተናገራችሁ አላችሁ፤ አልፈዋለሁ። እግዚአብሔር ሰማት፤ ፀነሰች። ሆዷ ገፍቶ ነበር። የልጅ ልብሱ ተዘጋጅቶ ነበር።

ከዋዜማው ጀምሮ ራሷን ይፈልጣት ነበር። በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራዋለች። ፊቷ አብጧል፣ ጣቶቿ አብጠዋል፣ ብርሃን ሲያርፍባት ዓይኗ ጭልጭል ይላል። ባሏ እስከ ጤና ጣቢያው በር አድርሷት፣ በሬውን ገበያ ላይ ለጎረቤት አስይዞ ነበርና «መጣሁ» ብሏት ሄደ። እሷም ሰልፍ ቆማ መስኮቱ ላይ ደረሰች።

ሶስና፣ በትሕትና፣ እንዳሳደጓት፣ «እንደምን አደሩ፣ ደህና ነዎት?» አለቻት።

ላቀችም፣ እሷም እንዳሳደጓት፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች።

ሶስና ኮምፒውተሩ ላይ «ደህና ነኝ» የሚለውን ነካች። ኮምፒውተሩ «ክትትል ወንበር» አለ። ሶስናም ወንበሩን በእጇ አሳይታት የኋላዋን ሴት ጠራች።

እናንተን ልጠይቅ። ላቀች ዋሸች?

መልሱልኝ እንጂ። ዋሸች ወይ? ሐኪም ቤት ሂዱና ግሉኮስ ተሰክቶለት የተኛውን ሰው እንዴት ነህ በሉት። ምን ይላል? ተመስገን ይላል። ከቀብር የተመለሰውን፣ ዓይኑ ቀልቶ በር ላይ የቆመውን፣ እንዴት ናችሁ በሉት። እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ዋሸ? አልዋሸም። አመሰገነ። ምስጋናን እንደ ሕመም ምርመራ የቆጠርነው እኛ ነን።

ላቀች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ግራና ቀኟ ሌሎች ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። እነሱም ጠየቋት፤ ደህና ነሽ፣ አሏት። ተመስገን፣ አለች። አንዷ ከዚያ በኋላ ስለ በርበሬ ዋጋ ማውራት ጀመረች። ላቀች አናቷን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ያያት ሰው ተኛች ብሎ አሰበ። የደም ግፊት መለኪያው ከፊቷ ካለው በር ወዲያ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አረጋሽም ከዚያው በር ወዲያ ነበረች፣ የክትትል ወንበሩን በኋላ አየዋለሁ ብላ የባሰባቸውን እያየች። የባሰባቸውን ኮምፒውተሩ ልኮላታልና።

ከዚያ ላቀች ከወንበሩ ወደቀች። ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሷ ተገጠመ። ሴቶቹ ጮኹ። አረጋሽ በሩን በርግዳ ወጣች፤ ያየችውን ወዲያው አወቀችው፤ የእርግዝና ደም ግፊት ነው፤ መድኃኒቱን ወጋቻት፣ አምቡላንስ አስጠራች፣ ራሷ አብራት ተሳፍራ ወደ ሆስፒታል ወረደች። ባሏ ከገበያ ሲመለስ የነገረው ጥበቃው ነው።

ላቀች ተረፈች። ልጇ አልተረፈችም። ሴት ልጅ ነበረች።

ዝም በሉ ትንሽ።

ሶስና በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍል አልገባችም። ትምህርቱ እስኪያልቅ ውጭ ቆማ ቆየች፣ ሰው ሲወጣ ገባችና የጻፈችውን ለመምህር ኢዩኤል አሳየችው። ስሕተቱን አግኝልኝ አለችው። የቱ ጋ ነው የተሳሳተው፣ ይህ መሣሪያ ምን ነካው አለችው። ኢዩኤል ከላይ እስከ ታች አነበበው። እንደገና አነበበው። 

«አልተሳሳተም ሶስና» አላት። «ያዘዝሽውን ነው የሠራው። አራተኛው መስመርሽ እሷን ራሷን ነው የሚለው፤ ነፍሰ ጡር፣ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ። ቃል በቃል ጽፈሻታል። ግን አልተነበበም። ከላይ ያለው ከተሳካ ከታች ያለው አይነበብም።»

ወገኖቼ፣ ሶስና ይህን ስትነግረኝ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ልጅቷ ያላወቀችው ነገር የለም። ያልጻፈችው ነገር የለም። ላቀችን የሚያድነው ቃል እዚያው ነበረ፣ በዚያው ገጽ፣ ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ። ያልነበረው እሱን የሚደርስበት መንገድ ነው። ማንም የሚያልፍበት ሰፊ በር ከላዩ ቆሞበት ነበር።

እኔ ያን ጊዜ በዚያች ከተማ ነበር የማገለግለው። ሶስና መጥታ ይዘኸኝ ሂድ አትለኝ ነገር፣ አክባሪ ናት፣ «አብረውኝ ቢሄዱ» አለችኝ። ኮረብታውን ተሻግረን ላቀች ቤት ገባን። ሰው ተቀምጧል። ላቀች መደቡ ላይ ናት፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ። የልጅ ልብሱን ሰው አንሥቶታል፤ የተሰቀለበት ሚስማር ግን ባዶውን አለ። ተቀመጥን። ወጉን ታውቃላችሁ፤ ሐዘን ቤት ገብቶ ወዲያው አይወራም።

ሶስና ግን አልቻለችም። ተነሥታ እግሯ ሥር ወደቀች። ማንነቷን ነገረቻት። መስኮቱ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ አለቻት። ማልቀሷን ስትጨርስ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ለመክሰስ አይደለም፣ እንቆቅልሽ ሆኖባት ነው፤ «ለምን ደህና ነኝ አሉኝ?» አለች።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ቁጣ አልነበረም። ላቀች እንዲህ አለች፤

«ልጄ፣ አንቺ ደህና ነዎት ወይ አልሽኝ። ሰው ደህና ነሽ ወይ ሲል ይመሰገናል እንጂ በሰላምታ ላይ ሕመም ይዘረገፋል? እናቴ እንዲያ አላሳደገችኝም። ቀጥሎ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ቆሜ ነበር።»

ቀጥሎ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ቆሜ ነበር።

እንዴት እንደምንነጋገር አስቡት እስቲ፣ እኛ ሰዎች። ገጠር የምትሄዱ ታውቁታላችሁ። ሰው ደጃችሁ ይመጣል። እንዴት ናችሁ ይላል፤ ደህና። ልጆቹ? ደህና። ከብቱ? ደህና። ዝናቡ? ይመስገን። ጎረቤት? ደህና ነው። ይህ ሁሉ አልቆ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ከዚያ በኋላ ነው «የመጣሁትስ…» የሚለው። መርዶ ይዞ የመጣ እንኳ ከሰላምታ በኋላ ነው የሚያረዳው። የእኛ እውነት ከታች ነው የምትቀመጠው። «ደህና ነኝ» በሩ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን አየሁት የሚል ሰው ምን ይባላል?

ሶስና ተመልሳ ፕሮግራሙን ገለበጠችው። ደሙን ከላይ አደረገች፣ ትንፋሹን፣ ራሱን፣ ዓይኑን፣ ትኩሳቱን። «ደህና ነዎት?» የሚለውን ከጥያቄዎቹ ሰንሰለት ጨርሳ አወጣችው። ዛሬም በአፏ ትጠይቃለች፤ ሰላምታ ነውና ሰው ይገባዋል። ነገር ግን ኮምፒውተሩን አትነካም። «ተመስገን» ሲሏት፣ «ተመስገን፤ ራስዎንስ ያምዎታል?» ትላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። መጠበቋን አይቻለሁ። አንዳንዷ ሴት በዚያች ጥያቄ ላይ መስኮቱን ይዛ ታለቅሳለች፣ ራሷን ሳያማት፤ የጠየቃት ሰው ስላልነበረ ነው።

እሺ። ወደ እናንተ ልምጣ።

ቅድም ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ፊታችሁን አይቼዋለሁ። በልጅቷ ያዘናችሁ አላችሁ፣ የፈረዳችሁባትም አላችሁ። አንቺስ? አንተስ? ርኅራኄ የለህም ብዬ አልሰድብህም። አለህ። ውስጥህ ተጽፏል፤ የተራበ ካለ እንዲህ አደርጋለሁ፣ የተጨነቀ ካለ እንዲህ አደርጋለሁ፣ ልጄ ከታመመ ቤቴን እሸጣለሁ። ሁሉም ተጽፏል። ግን የቱ ጋ ነው ያስቀመጥከው? ከ«ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» በታች ነው ያስቀመጥከው። አይነበብም። ሰው ሁሉ በላይኛው በር ያልፋል፣ አንተም በእጅህ ወንበሩን ታሳየዋለህ፣ የኋላውን ትጠራለህ።

ማታ ቤት ትገባለህ። ሰላም ዋልሽ ትላለህ። ተመስገን ትልሃለች። ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ሻሿን ጥፍር አድርጋ ማሰሯን አላየህም?

ልጅሽ ከአረብ አገር ትደውላለች። ደህና ነሽ ትያታለሽ። ደህና ነኝ እማዬ ትልሻለች። አንቺም ተመስገን ብለሽ ስለ ቤቱ ቆርቆሮ ታወሪያለሽ። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ትንሽ ዝም ትላለች፣ አይደል? ያቺ ዝምታ ምን ነበረች? ቀጥሎ ትጠይቂኛለሽ ብላ መስኮቱ ላይ ቆማ ነበር።

እናንተ በር ላይ የምትቆሙ አስተናጋጆች፣ ደረታችሁ ላይ ባጅ ያደረጋችሁ፤ እሑድ ሁሉ እንኳን ደህና መጣችሁ ትላላችሁ፣ ጥርሳችሁ ያምራል። ስንት ሰው እየመራችሁ ወንበር ላይ አስቀምጣችኋል። ከዚያ ወንበር ላይ የወደቀ አለ። «ድሮ ይመጣ ነበር፣ አሁን ቀረ» የምትሉት እሱን ነው።

አሜን ያለ ሰማሁ። አትበሉ አላልኩም? ይኸው ነው እኮ። አሜንም እንደ ደህና ነኝ ሆናብናለች። ቃሉ ገና ጆሯችን ሳይደርስ አፋችን ያስገባዋል፣ ያሳልፈዋል፣ ከታች ያለው አይነበብም።

በእግዚአብሔርም ፊት እንዲሁ ነን። ተንበርክከን ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን እንልና እንነሣለን። ማመስገን መልካም ነው፣ ማን ይጠላል። ግን እርሱ ሰላምታችንን ተቀብሎ እዚያው ቆሞ ነው። አይቸኩልም። የኋላችንን ሰው ለመጥራት ብሎ እኛን አያሳልፍም። ቀጥሎ የሚጠይቀን አለው፤ እኛ ነን ተነሥተን የምንሄደው። ስለዚያ ነገር ነግረኸዋል? ስለዚያኛው፣ ማንም ስለማያውቀው?

ደግሞ ነገ ተነሥታችሁ ሁለተኛውንም ጥያቄ ሰላምታ እንዳታደርጉት እፈራለሁ። አውቃችኋለሁ እኮ። «ደህና ነህ? ራስህንስ ያምሃል? ጎሽ፣ ተባረክ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ጠይቃችሁ ቁሙ። መልስ እስኪመጣ የሚቆም ሰው ነው የጎደለን።

ስለ ላቀች ልጨርስ። እንዴት ናት አሁን ብላችሁ በልባችሁ ጠይቃችኋል። በቀደም አግኝቻታለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት።

…

አያችሁ? እፎይ አላችሁ። እዚህ ፊት ያሉት እናት ደረታቸውን በእጃቸው ነኩ፣ ተመስገን አሉ። ይህ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ ቀጥሎ የጠየቀኝ የለም።

ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጅ አላገኘችም። በገበያ ቀን በዚያ ጤና ጣቢያ በር ላለማለፍ በወንዙ በኩል ዞራ ትሄዳለች፤ እግሯን እያመማት። ሶስና በየጊዜው ኮረብታውን ተሻግራ ትሄዳለች፤ ሄዳ ትጠይቃታለች፤ አንዳንድ ቀን ላቀች ታወራለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ታባርራታለች። ሶስና ግን ትሄዳለች። ላቀች ደህና ናት ማለት ይህ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከጎንህ ላለው ሰው እንዲህ በለው እላችሁ ነበር። ዛሬ አልልም። ብዙ ተባብላችኋል። ዛሬ ከጎንህ ያለውን ጠይቀው። ደህና ነኝ ይልሃል፤ ተመስገን በለው። ከዚያ ቀጥለህ ጠይቀው፣ ዝም ብለህም ጠብቀው።

እኔ እቀመጣለሁ። መዝሙር አይጀመር። አሜን የምትሉት የተጠየቀው ሰው ሲመልስላችሁ ነው።